አባቴ አሊዩ አምባ የወረደበት ቀን

ይህ ያለፈ ፍርሃት ነው ብዬ ብጀምር ገና ከደጁ መዋሸቴ ነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን በዘገየ ቁጥር፣ ደውዬለት ስልኩ ሳይነሳ በቀረ ቁጥር፣ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አስቀድማችሁ እወቁልኝ፤ ይህን የምትነግራችሁ ፈሪ ሴት ናት።

አንኮበር ተወልጄ ያደግሁ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴን ሀገሩ መምሬ ኃይሌ ይለዋል። ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ ተምሬ ከተመለስኩ በኋላ የአንኮበር ከተማ በሆነችው በጎረቤላ ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ነበር። በጎን ደግሞ ሰው የማያውቀው ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ ውጭ አገር ለመማር ማመልከት። ያመለከትኩት ኔዘርላንድ ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርቱ ውሃን ከአፈር፣ አፈርን ከሰው ጤና፣ ጤናን ደግሞ ከሰው ልማድና ኑሮ ጋር አገናኝቶ የሚያጠና የማስተርስ ፕሮግራም ነበር። ኬሚስቱም፣ የጤና ባለሙያውም፣ ስለ ማኅበረሰብ ያጠናውም አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። እኔም ከአንኮበር አፋፍ የሚፈልቀው ምንጭ ቁልቁል አሊዩ አምባ እስኪደርስ ምን ምን እንደሚነካው፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጠጣው ማጥናት እንደምፈልግ ጻፍኩ። ሙሉ ወጪውን የሚችል ስኮላርሺፕ ነበረው። ያለ እሱ የማይታሰብ ነገር ነው። ከብዙ ወራት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተመርጠሻል የሚል ኢሜይል ደረሰኝ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሳይሳካ አይወራም። ዓይን ይበላዋል የሚል አለ፤ እኔን ግን ከዓይን ይልቅ የሚያስፈራኝ አፍ ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር ካናዳ ሊሄድ ነው ተብሎ በግ ታርዶ ከተመረቀ በኋላ ቪዛ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ካናዳ ሆኖ ቀረ። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ "ካናዳ መጣ፣ ዝም በሉ" ይባባላሉ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ገና ወሬውን ስጀምርላት ተነስታ በሩን ዘጋች።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለችኝ። "ቪዛው እስኪመታ ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ። ለአባትሽማ ጨርሶ።"

ለአባቴ የከለከለችበት ምክንያት ነበራት። የአባቴ ጸሎት በአደባባይ ነው። የጎረቤት ላም ስትታመም፣ የሰው ልጅ ፈተና ሲቀመጥ፣ መንገደኛ ሲዘገይ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ምእመኑን አቁሞ "እስቲ ለእገሌ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሉለት" ይላል። ለእኔ እንዲህ ካለ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ መናኸሪያው ያልሰማ አይኖርም። ይህን ፈራንና ደበቅነው።

በዚያ ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ነበረች። እህቴ ወልዳ አራሷን ልትንከባከብ ሄዳ ነው። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ስለሆነ፣ አንኮበር ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ከጠፋ ስለከረመ፣ ደብረ ብርሃን መሄድ ግድ ሆነብኝ። ደብረ ብርሃን ደርሼ ልምጣ እንዳልለው፣ አባቴ ሀገረ ስብከት የሚያስኬድ ጉዳይ አይጠፋውምና "ቆይ አብሬሽ ልሂድ" ይላል። ስለዚህ በተቃራኒው አቅጣጫ ዋሸሁ። አሊዩ አምባ ሰዓዳ የምትባል አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ፤ የምንጩን ውሃ ለምርመራ ልቀዳ ስወርድ የማድረው እነሱ ቤት ነው።

"የሰዓዳ እናት በጠና ታማለች፤ ወርጄ ጠይቄያት ልምጣ" አልኩት በዋዜማው።

"እማ ዘሀራ?" አለ፤ ፊቱ ልውጥ አለ። "ውይ፣ እግዚአብሔር ይማራት። ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፣ ማር ያዢላት።"

ራሱ ተነስቶ ከጓዳ ማር በብርጭቆ ዕቃ ቀድቶ፣ አፉን በላስቲክ አስሮ ሰጠኝ። ሙሉ ጤነኛ ለሆነች ሴት የተላከ የበሽተኛ መጠየቂያ ይዤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትምህርት ማስረጃዎቼ ጋር አስቀመጥኩት። እውነት ለመናገር በዚያን ሰዓት አላፈርኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ቃለ መጠይቁ ላይ ነበር።

የመንገድ ነገር በዚያ ሰሞን እንደ ቀኑ ነው። አንድ ቀን ሰላም ነው ይባላል፤ በማግስቱ መኪና አስቆሙ፣ ሰው ወሰዱ ይባላል። እነማን ናቸው ብለን አንጠይቅም፤ መጠየቁም አይመከርም። ሰው አማትቦ ይሳፈራል። እኔም ጠዋት አማትቤ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ገባሁ። ከጎናችን አሊዩ አምባ የሚወርደው ሚኒባስ፣ የገበያ ቀን ስለነበር፣ ሰውና ጆንያ ጠቅጥቆ ሲነሳ አይቼዋለሁ። አባቴ በሐሳቡ እዚያ ውስጥ አስቀምጦኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሜሮን የምትባል ጓደኛዬ ኢንተርኔት ያለውን ቢሮዋን ለቀቀችልኝ፤ ጥቁር ኮቷንም አዋሰችኝ። መሀል ላይ ጮሆ እንዳያሳፍረኝ ስልኬን አጠፋሁ። ሜሮን መብራት እንዳይጠፋ በሩ ላይ ቆማ ስትለማመን፣ እኔ ደግሞ ያጠናሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ከራሴ በኖ የሄደ መስሎኝ ተቀምጫለሁ።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ። ዋናዋ ነጭ ጸጉር ያላቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ፕሮፌሰር ነበሩ።

"የተማርሽው ኬሚስትሪ ነው" አሉኝ። "ውሃውን መርምረሽ ውጤቱን ብትናገሪ አይበቃም? ሰውን መጠየቅ ለምን አስፈለገሽ?"

"ላይ ያለው ሰው ጸበል ነው ብሎ የሚጠጣውን ውሃ ታች ያለው ለሶላት ውዱእ ያደርግበታል፣ ከብት ያጠጣበታል፣ ሽንኩርት ያለማበታል" አልኩ። "ውሃው ጥሩ አይደለም የሚል ወረቀት ብለጥፍ ማንም አይሰማኝም። ሰዎቹ ውሃውን ምን ብለው እንደሚያምኑት ካላወቅሁ የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን ማንንም አያድንም።"

ከጎናቸው ያለው ጎልማሳ ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ትንሽ ተመለሰች። ቀጥሎ እሱ ጠየቀኝ።

"ስለ አገርሽ የምንሰማው ዜና አለ። ለጥናትሽ ስትመለሺ አካባቢው አያሰጋም?"

"የእኛ አካባቢ ሰላም ነው" አልኩት ፈገግ ብዬ።

ይህን የምልበት ሰዓት አባቴ የት እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ያኔ አላወቅሁም።

ቃለ መጠይቁ ሁለት ክፍል ነበረው። ከአጭር እረፍት በኋላ አንድ ችግር ይሰጡኝና እዚያው አስቤ መፍትሔ አቀርባለሁ፤ ዋናው ውጤት የሚሰጠው ለዚያ ነው። ፕሮፌሰሯ "ሻይ ቢጤ ጠጪና እንገናኛለን" ብለውኝ ስክሪኑ ጨለመ። ለእናቴ ጥሩ እየሄደ ነው ልላት ስልኬን ከፈትኩ።

ስልኩ ሲከፈት አንድ ሰው ደጋግሞ እንደደወለልኝ የሚገልጽ መልእክት ተከታትሎ ገባ። እትዬ አስካለ ናት፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን። እትዬ አስካለ ሰው ካልሞተ በቀር አትደውልም። መልሼ ደወልኩ።

"ፍሬ ነሽ? ራስሽ ነሽ?" አለችኝ።

"ነኝ እትዬ፤ ምን ሆናችሁ?"

ለቅሶ ነው የመለሰችልኝ። "እመብርሃን ተመስገን። ለቀቁሽ ልጄ?"

"ማነው የሚለቀኝ?"

"የአሊዩ አምባውን መኪና አስቆመው ሰዎቹን ይዘው ሄዱ አይደል እንዴ? አንቺ የት ነሽ?"

የት እንዳለሁ አልመለስኩላትም። "አባዬስ?" አልኳት።

"መምሬ ከቅዳሴ እንደወጡ ነው የሰሙ። ልጄ እዚያ ውስጥ ናት ብለው ቤት እንኳ ሳይገቡ ወረዱ።"

"በምን ወረደ?"

"በእግራቸው ነዋ። በዚህ ቀን ማን መኪና ያንቀሳቅሳል? ብንይዛቸው ብንይዛቸው፣ ልብሳቸውን ከእጃችን መንጭቀው ሄዱ።"

"ስልኩን ይዟል?"

"ቻርጅ ላይ ነው። ስትደውዪ እዚህ ነው የሚጮኸው።"

ሰዓዳ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደገምኩ፣ ሰለስኩ፤ የለም። እናቴ ጋ ልደውል ፈለግሁና ተውኩት። ምን ብዬ ነው የምነግራት? በኋላ እንደሰማሁት አባቴም አራስ ቤት ያለች ሴት መደንገጥ የለባትም ብሎ ማንም እንዳይደውልላት ከልክሎ ነበር። እናቴ ብትሰማ ኖሮ ደብረ ብርሃን ነች፣ ደህና ነች ብላ በአንድ ቃል ትመልሰው ነበር። ሁለታችንም እሷን ከድንጋጤ ስናድን እሱ በገደሉ ቁልቁል ይወርዳል።

በዚህ መሀል ስክሪኑ በራ። ፕሮፌሰሯ ፈገግ ብለው "ዝግጁ ነሽ?" አሉኝ። ጥያቄው ተጽፎ ከጎናቸው ታየ፤ ስለ አንድ ወንዝና በዳርቻው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ፊደሎቹን አያቸዋለሁ፣ አያያዛቸው አይገባኝም።

እዚህ ላይ ብቀጥል ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እኔ ብሄድ ለአባቴ የምፈይድለት ነገር አልነበረም፤ ጥይት አልመልስለት። ቁጭ ብዬ መጨረስ እችል ነበር። ግን አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

"ይቅርታ፤ መቀጠል አልችልም" አልኳቸው። "አባቴ የተያዝኩ መስሎት ሰዎች የታገቱበት መንገድ ላይ እየፈለገኝ ነው። ያለሁት እዚህ እንደሆነ አያውቅም።"

ያ ጎልማሳ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "ቅድም ሰላም ነው ብለሽን አልነበር?" አለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ ግራ ገብቶት ነው።

"ብዬ ነበር" አልኩ።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውርደው አዩኝ። "ሂጂ። ስለሌላው በኋላ እንጽፍልሻለን" አሉ። ኮቱን ሳላወልቅ፣ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ሜሮን መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ባጃጅ ውስጥ ገፍትራ አስገባችኝ።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ያለው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፈነው፤ ሾፌሩ ቀስ አለ። የተሳፈረው ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቶታል። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

"ሁሉንም ነው የወሰዱ አሉ።"

"አይ፣ ሴቶቹን ለቀዋል አሉ።"

"አንድ ቄስም አሉበት አሉ። ሽማግሌ ቄስ።"

ዞር ብዬ ማን ነገራችሁ ልላቸው ፈለግሁ፤ መልሱን ፈራሁት። ቦርሳዬን አቅፌ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ነጭ ጉም አየሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ የፈራሁት ግን ይሄንን አልነበረም። እኔ የፈራሁት የሰው አፍ ነበር፤ የደረሰብኝ ከቶ ያላሰብኩት ነው።

ጎረቤላ መናኸሪያ ጭር ብሎ ነበር። የለመንኩት ሾፌር ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ "እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ" አለኝ። ከዚህ ወዲያ በእግር ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ በቅሎ የሚጎትቱ ሽማግሌ ከጎኔ ቆሙ። የአሊዩ አምባው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ሌሊት የታመመ ወንድማቸውን ጤና ጣቢያ አድርሰው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነበር።

"የመምሬ ኃይሌ ልጅ አይደለሽም?" አሉኝ። "ተይዘሻል ተብሎ አይደል እንዴ ሀገሩ የሚታመስ?"

ነገርኳቸው። ሁሉንም አይደለም፤ አባቴ ሊፈልገኝ መውረዱን ብቻ። ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ አውርደው ሰጡኝ።

"በአቋራጩ እንሄዳለን። ያን ኮት ሸፍኚው። የጠየቀ ካለ ልጄ ነሽ። ማተብሽንም በፎጣው ሸፍኚ፤ ነገር እንዳይጣረስብን።"

"እሺ አባቴ።"

"አይዞሽ አልልሽም" አሉኝ። "እኔም ፈርቻለሁ፤ ወላሂ። ሁለት ሆነን ብንፈራ ይሻላል።"

ወረድን። አቋራጩ ገደሉን ታክኮ ይሄድና እዚህም እዚያም መኪናው መንገድ ላይ ይወጣል። ከጉሙ ስር ስንወጣ ሙቀቱ መጣ፤ ኮቱ ከላቤ ጋር ተጣበቀ። ጋሽ ሰይድ በቅሎዋ ጆሮዋን ባቆመች ቁጥር ይቆማሉ፤ እኔም እቆማለሁ። አንድ ጊዜ ስትቆም ግን ድምፅ ነበረ።

ከመታጠፊያው ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች ወጡብን። እነማን እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም። አንደኛው ከፊታችን ቆመ።

"ከየት ነው ሽማግሌ?"

"ጤና ጣቢያ ደርሼ ነው የምመለስ።"

"እቺስ?"

"ልጄ ናት።"

ወጣቱ ጫማዬን አየ። የቃለ መጠይቅ ጫማ ነው፤ ለዚህ መንገድ የሚሆን አይደለም። ፎጣውን አንገቴ ላይ በእጄ ጨምድጄ ይዣለሁ።

"ቦርሳው ውስጥ ምንድነው?"

"ማር" አልኩ። "ለበሽተኛ ነው።"

ከፍቶ አየው። ከማሩ ስር በእንግሊዝኛ የተጻፉ ወረቀቶቼን አወጣ። "ይሄስ?"

"አስተማሪ ነኝ።"

"የምን?"

"የኬሚስትሪ።"

ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየኝ። "እኔን የጣለኝ እሱ ነው" አለና መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አንድ ሽማግሌ ቄስ አይታችኋል ወይ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብጠይቅ ውሸታችን ይጋለጣል፤ ባልጠይቅ አባቴን ትቼው ማለፌ ነው። ጋሽ ሰይድ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ዋጥኩት። አልፈውን ሄዱ።

ከዚያ ብዙ ሳንሄድ አቋራጩ መንገድ ላይ አወጣን። ጠዋት ያየሁት ሚኒባስ በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተው ጥጉ ላይ ቆሟል። ሰው የለበትም። የተቀደደ ጆንያ፣ የፈሰሰ ገብስ፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ። ከፊት ጎማው ስር ደግሞ የአባቴ ጃንጥላ።

እጀታዋን በሽቦ የጠገንኩላት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ልሳሳት አልችልም። አንስቼ ያዝኳት። አባቴ ያለዚች ጃንጥላ ከቤት አይወጣም፤ ዝናብ ባይኖርም ይመረኮዛታል። ጋሽ ሰይድ ጃንጥላዋን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ከመሬቱ ላይ ደም ፈለግሁ። እንዲህ ነው ያደረግሁት፤ ጎንበስ ብዬ የአባቴን ደም በዓይኔ ፈለግሁ። አላገኘሁም፤ አለማግኘቴም አላጽናናኝም።

"ተነሺ ልጄ" አሉኝ። "አላህ ያውቃል። እኛ አናውቅም፤ እንሂድ።"

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። አሊዩ አምባ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ገበያው ተበትኗል። ጋሽ ሰይድ እስከ እነ ሰዓዳ ደጅ ሸኙኝ። አጥሩን ገፍቼ ስገባ ደጃፉ ካለው መደብ ላይ ነጭ ጥምጥም አየሁ።

እማ ዘሀራ ቀድማ አየችኝ። "ይኸውልህ መምሬ፣ መጣችልህ" አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

አባቴ ሊነሳ ሞከረና አልሆነለትም። ከፊቱ ተንበረከክሁ። እጁን ዘርግቶ ፊቴን ዳሰሰ፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ።

"ሙሉ ነሽ?" አለኝ።

"ሙሉ ነኝ አባዬ።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የቀብር ቦታ ላይ እንኳ ሰው የሚያጽናናው እሱ ነው። እኔም አለቀስኩ።

እማ ዘሀራ የሆነውን ነገረችኝ። ተሳፋሪዎቹን ገደሉ ውስጥ ወስደው፣ የያዙትን ገፈው፣ ከቀትር በኋላ ለቀዋቸው ነበር። አባቴ መንገድ ላይ ባዶውን መኪና ሲያገኝ ጃንጥላውን አስቀምጦ ወንበሩ ሥር ሁሉ ገብቶ ሻሼን፣ ጫማዬን፣ የእኔ የሆነ ነገር ፈልጓል፤ አጥቶ ጃንጥላውን እዚያው ረስቶ ወርዷል። የተለቀቁትን ሰዎች አንድ በአንድ እያስቆመ ልጄን አያችሁ ወይ ብሏል። ሁሉም አላየንም አሉት። በመጨረሻ እዚህ ደጅ ቆሞ "የታመመችው እንዴት ናት?" ብሎ ሲጠይቅ በሩን የከፈተችለት የታመመችው ራሷ ናት። ሰዓዳ ጠዋት ወጥታ ገና አልተመለሰችም ነበርና የት እንዳለሁ የሚነግረው አላገኘም።

"ለመሆኑ ምኔን ነው ያመመኝ?" አለችኝ እማ ዘሀራ። "ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይኑረኝ እንጂ።"

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። አባቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ አልሳቀም።

"የት ነበርሽ?" አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ማመልከቻውን፣ ውሃውን፣ ኔዘርላንድን፣ አቋርጬው የመጣሁትን ቃለ መጠይቅ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ሰዓዳስ?"

"ታውቃለች።"

"እንግዲያ እኔ ነኝ የማላውቅ።"

"አባዬ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ጸልዩላት ትላለህ ብለን ፈርተን ነው። ሀገሩ ሰምቶ ባይሳካ ብለን።"

እማ ዘሀራ ነገሩ የአባትና የልጅ መሆኑ ገብቷት ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

"ፍሬ" አለኝ። "እኔ የዚህ ሁሉ ሕዝብ የንስሐ አባት ነኝ። ማን ምን እንደሠራ፣ ማን ማንን እንደበደለ፣ የማን ልጅ የማን እንደሆነ ሆዴ ውስጥ ነው ያለ። አንዷን ለእናትሽ ስነግራት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"የባዕድ ሁሉ ምስጢር ሲቻለኝ የልጄ ምስጢር ነው የሚያቅተኝ? ጸልይልኝ ብለው የሰጡኝን እጸልያለሁ። ደብቅልኝ ብለው የሰጡኝን ይዤ እቀበራለሁ። አንቺ ምንም አልሰጠሽኝም።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ዛሬ ሬሳሽን በየት በኩል ሄጄ እንደምፈልገው እንኳ አላወቅሁም።"

ያን ምሽት እማ ዘሀራ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠበችው፤ ሁለታችንም እዚያው አደርን። አባቴ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ መጨረሻውን ማወቅ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ፕሮፌሰሯ ቃላቸውን ጠብቀው ሌላ ቀን ሰጡኝ፤ ሁለተኛውን ክፍል ሠራሁ፤ ተጠባባቂ ሆንኩ፤ ኋላም ቦታ የለም የሚል ደብዳቤ መጣ። ከሰው ሁሉ አስቀድሜ የነገርኩት ለአባቴ ነው። "ሰማሁ" አለኝ። እናቴ ራሴ እስክነግራት ድረስ ከሱ አንድ ቃል አልሰማችም፤ ቤተ ክርስቲያንም ማንም ተነስቶ እንዲጸልይልኝ አልተጠየቀም።

ያ ቀን ደፋር አላደረገኝም። መንገድ ዛሬም ያስፈራኛል፤ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ልቤ ይዘላል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ዱሮ ነገሬን የምደብቀው ከሚወዱኝም ከማይወዱኝም እኩል ነበር፤ የሚወደኝ ሰው ባላወቀው ልክ የት ገብቶ ሊፈልገኝ እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር። እናንተም የሆነ ነገር ይዛችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ ለሀገር አውሩት አልላችሁም። አንድ ሰው ግን ይወቅላችሁ።

ዘንድሮ እንደገና አመልክቻለሁ። መልሱ ገና አልመጣም፤ ይኸው ሳይሳካ ነገርኳችሁ። ለቃለ መጠይቁ ደብረ ብርሃን ስሄድ የምሄድበትን ቢሮ፣ የሾፌሩን ስም፣ የምመለስበትን ሰዓት ነግሬው ነው የወጣሁት። ይሳካ አይሳካ አላውቅም። አባቴ ግን የት እንዳለሁ ያውቃል።